የስፖንጅ ድንጋይ

ደብረ ሲና፣ ግንቦት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽፈራው፣

የአባታችን አምላክ ባለህበት ከክፉ ይሰውርህ። እኛ በሕይወት አለን። ዮሐንስ ልጄ አይሱዙውን ይነዳል፤ ሚስቱ እታገኝ ነፍሰ ጡር ናት፤ በሰላም ትገላገል ዘንድ ጸልይላት፣ መጸለይ ካልረሳህ።

የደኅንነቱ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ። አክሊሉ ገብረሕይወት እስሩን ጨርሶ ወጣ። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ወንድማችንን ፍቅረማርያምን በጥይት የገደለው አክሊሉ፣ ገበያ መሃል ደረቱን ነፍቶ ይሄድ የነበረው፣ ጥርሱ ረግፎ ጎብጦ መጣ። አሳዘነኝ እንዳትል፤ አላሳዘነኝም። ፍቅረማርያም ከወደቀ ወዲህ ከእነሱ ቤት ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ እነሱ አንድ ጣሳ ውሃ ተሻግሮ አያውቅም። ደም የተቃባ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፤ አንተ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ ብዬ ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሽማግሎች ከነፍስ አባታችን ጋር መጥተው ደጄ ቆሙ። አክሊሉ ድንጋይ ተሸክሞ እግራችሁ ላይ ይውደቅ፣ ደሙም ይድረቅ አሉ። እሺ አልኳቸው። እሺ ያልኩት ለጽድቅ አይደለም። ጠጅ ቤት የሚውለው ሥራ ፈት ሁሉ ዮሐንስን «የአጎትህ ገዳይ ፊት ለፊትህ እየሄደ አንተ መሪ ጨብጠህ ትውላለህ» ይለዋል። ልጄ አይመልስላቸውም። ቢመልስላቸው ይሻለኝ ነበር። ዝምታውን ፈርቼዋለሁ፤ ፍቅረማርያምን ቀብሬያለሁ፣ ዮሐንስ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስለት አልፈልግም።

ሽማግሎቹ ግን የሟች ወንድም ቃሉን ካልሰጠ እርቁ አይጸናም ብለዋል። አንተን ነው። የምንፈልገው አንዲት መስመር ናት፤ ይቅር ብያለሁ ብለህ ጻፍና ፈርምባት። ልብ በል፣ በዚህ ደብዳቤ ገንዘብ አልጠየቅሁህም።

እህትህ የሺእመቤት


አትላንታ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ የሺእመቤት፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ጭጋጉ ከጣርማ በር ሲወርድ ደጅ አያምሹ፤ እርስዎን ያቆይልን። እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ። ኖርክሮስ ከአብዱ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን፤ በሥራ ቀን ዳውንታውን በሚሉት መሃል ከተማ የሰው መኪና አቆማለሁ። አብዱን ያውቁታል፤ የኮምቦልቻው ልጅ፣ ታክሲ ነጂው፣ ለእርስዎ ነጠላ ልብስ የላከው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አስቀድሜ ግን የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ወንድምዎ የፊልም ተዋናይ ሆነ። እልል አይበሉ፤ ሲሰሙት ነጠላዎን አፍዎ ላይ አድርገው ነው የሚስቁት።

ማሪዬታ ከሚባል ከተማ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ የጦርነት ፊልም ይሠራል። የሚያሠራው ዳግ የሚባል ልጅ ነው። አባቱ ያገለገለ መኪና ሻጭ ነው፤ ልጁ ሰው መሆን ሲያቅተው ካሜራ ገዛለት። ታሪኩ ሞሐውክ ስለሚባሉ ሰዎች ነው፤ እኛ በጅምላ ቀይ ሕንዶች ከምንላቸው አንዱ ሕዝብ ናቸው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በእነሱ መሬት ላይ በሚዋጉበት ዘመን ነጭ ወታደሮች የአንዱን ሞሐውክ መንደር ያቃጥላሉ፤ እሱና ጓደኞቹ ደማቸውን ለመመለስ ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ ጥበብ የለም። ገደሉብኝ፣ ገደልኳቸው፣ ገደሉኝ፤ ፊልሙ ይኸው ነው።

ከመካከላችን አንድም ሞሐውክ የለም። እኔ፣ አብዱ፣ ብሩክሄቨን ምግብ ቤት የሚሠሩ ሁለት ያገራችን ልጆች፣ አንድ ሜክሲኳዊ፣ አንድ ኮሪያዊ ነን ሕዝቡ። ሙቀቱ እንደ ሸዋሮቢት ነው፤ የተቀባነው ቀለም በላብ ወርዶ አንገታችን ላይ ይጠራቀማል። ጠመንጃው አይበቃም፤ የሞተው ሰው ተንከባሎ ጠመንጃውን ለገደለው ሰው ጓደኛ ያቀብላል። መጥረቢያው ላስቲክ ነው። ከገደል እየፈነቀልን ጠላት ላይ የምናወርደው ቋጥኝ ስፖንጅ ነው፣ ግራጫ የተቀባ። ዳግ ከብዶ ይታይ ብሎ ይጮህብናል፤ እኛም ትራስ ይዘን እናቃስታለን። ውትድርናን በእውነቱ ላየ ሰው እንዴት ያለ ውርደት መሰለዎት።

መጀመሪያ ቀን አንድ እውነተኛ ሞሐውክ አማካሪ ተብሎ ከሰሜን መጥቶ ነበር። ራሳችን ላይ የሰኩብንን ላባ አየና ይሄ የእኛ አይደለም አለ። ቀጥሎም እኛ ዘንድ ሰው ሲገደል፣ ሰዎች መጥተው የሐዘንተኛውን ዓይን ያብሳሉ፣ ጆሮውን ይከፍታሉ፣ ጉሮሮውን ያጠራሉ፤ ልቡ እንዲመለስና ለመግደል እንዳይነሳ የሚደረግ ትልቅ ሥርዓት አለን ብሎ አስረዳ። ዳግ በጣም ያምራል፣ ግን ፊልም አይወጣውም አለው። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኛ ቀረን።

ስለ ጻፉልኝ ጉዳይ አስብበታለሁ። ለእታገኝ መውለጃ የሚሆን ትንሽ ነገር በሰው ልኬያለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ሽፈራው


ደብረ ሲና፣ ነሐሴ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽፈራው፣

በምትቀባው ቀለም ሥር ያለውን ፊትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። የላክኸው ደረሰ። ያልላክኸው አልደረሰም።

ደብዳቤህን ለዮሐንስና ለእታገኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እታገኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዮሐንስ አልሳቀም። እኔም ስጨርስ ሳቄ ቆመ። የእውነቱን ጠመንጃ ጥለህ ሱዳን የገባህ ሰው፣ የላስቲክ መጥረቢያ ይዘህ ደም መላሽ ሆንክ? የማታውቀው ነጭ አቃጠለው ለተባለ መንደር ትነሳለህ፤ እዚህ የገዛ እህትህ አንዲት መስመር ስትለምንህ ታስብበታለህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ሰው ሆኖ ያገኘሁት ያን መኪናውን አስነስቶ የሄደውን ነው። ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። ዓይን የሚያብሱ፣ ጆሮ የሚከፍቱ ስላቸው፣ እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን ያውቁታል አሉ። አንተ እዚያው ቆመህ ሰምተኸው ለመሳቂያ ጻፍከው።

አሁን የምነግርህን በደንብ አንብብ። ዮሐንስ ባለፈው ሳምንት የፍቅረማርያም ጠመንጃ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ተሽጧል አልኩት። አልተሸጠም፤ ጎተራው ሥር ነው፤ እሱም እንደዋሸሁት ያውቃል። ሽማግሎቹ እርቁን ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ቀጥረውታል፤ የዘገየው ያንተን ቃል ሲጠብቁ ነው። የአክሊሉ ሰዎች፣ አሜሪካ ያለው ካልተናገረ ምን ዋስትና አለን ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ገንዘብ አትላክ። ቃል ላክ።

እህትህ የሺእመቤት


አትላንታ፣ ኅዳር 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ የሺእመቤት፣

የገናን ጾም በጤና ያስፈጽምዎ። እታገኝ ሴት ልጅ መገላገሏን በአብዱ ዘመዶች በኩል ሰምቼ እልል ብያለሁ፤ በዕድሜ ትደግ። ለመጻፍ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ፊልማችን አለቀ። ሲኒማ ቤት የሚቀበለው ጠፍቶ በካሴት ብቻ ወጣ። ምረቃው ማሪዬታ፣ የዳግ አባት መኪና የሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ በሁለት ያገለገሉ መኪኖች መካከል ግድግዳ ላይ አሳዩን። የዳግ እናት ብቻ አለቀሰች፤ እሷም ልጇ ገንዘቡን ምን ላይ እንዳጠፋው ስታየው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ። ሞሐውኮቹ በራሳቸው ቋንቋ መናገር ነበረባቸው። ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው እንደ ሄደ ነግሬዎታለሁ። እዚህ ያደገች ቤኪ የምትባል ያገራችን ልጅ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቴሌቪዥን ጣቢያ ትሠራለች፣ ዳግን የምትረዳው ለፊልም ፍቅር ነው። በአንድ አፏ ጋሼም አንተም ትለኛለች። መፍትሔውን ያገኘችው እሷ ናት። «ጋሼ ሽፌ፣ ዎሪ አታድርግ» አለችኝ። «ጀስት በአማርኛ በለው። ማንም አይገባውም፣ ዩ ኖው? ታች ሰብታይትል እናደርጋለን።»

እናም የሞሐውክ ጦር በአማርኛ ዘመተ። አብዱ ኮረብታ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዳግን ከነአባቱ ሰደበው፤ ታች በእንግሊዝኛ የተጻፈው ትርጉም «የአባቶቻችን መንፈስ ይጠራናል» ይላል። የብሩክሄቨኑ ልጅ የሚለው ቢጠፋው የሚሠራበትን ምግብ ቤት ሜኑ ከጥብስ እስከ በያይነቱ ወረደበት፤ ያ ደግሞ የዝናብ ጸሎት ሆነ። እንዲህ ያለ ንቀት የተሸከመ ፊልም ያለ አይመስለኝም፤ እነሱ ሞሐውኮቹን ናቁ፣ እኛ እነሱን ናቅን።

ለእኔም ቦታ ሰጡኝ። የሞተ ወንድሜ ላይ ተንበርክኬ የምምልበት ቦታ ነው። የሆነ ነገር አልኩ። ዳግ አንድ ቃል ሳይገባው እንባው መጣ።

አብዱ ለጥምቀት ኮምቦልቻ ይገባል፤ ሲያልፍ ደብረ ሲና ወርዶ ካሴቱን ይሰጥዎታል። ለሚጠብቁት ነገርም አይጨነቁ፤ የምለውን ሁሉ አብዱ ይዞልዎት ይመጣል።

ታናሽ ወንድምዎ ሽፈራው


ደብረ ሲና፣ ጥር 29 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሽፈራው፣

ሰላምታውና ምርቃቱ ለዛሬ ይቅር። ይህን ደብዳቤ አብዱ ሲመለስ ያመጣልሃል፤ ከካሴትህ ጋር።

የምትለውን ሁሉ አብዱ ይዞ ይመጣል አልከኝ። እኔ ጅሏ ለሽማግሎቹ ቃሉ እየመጣ ነው ብዬ አወራሁ። አብዱ ደረሰና ካሴት ሰጠኝ። ሌላስ አልኩት። ሌላ የለም አለኝ። እንግዲያስ ቃሉ ካሴቱ ውስጥ ነው፣ ዘመናዊ ሆኖ በአንደበቱ ሊነግረን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አስበው፣ ደስ አለኝ። ቤቴ ማሳያ ስለሌለ አስፋልቱ ዳር ያለው የአያንቱ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰው ሰበሰብኩ። እኔው ነኝ የሰበሰብኳቸው። ሽማግሎቹን፣ የነፍስ አባታችንን፣ የእኛን ዘመድ፣ አክሊሉንና ወንድሞቹን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይቅርታውን በፊቱ ልኳል፣ ኑና ስሙ አልኩ።

አብዱ ሲሳደብ ሁሉም ሳቀ። የምግብ ዝርዝሩ ሲመጣ የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ አንተ መጣህ። ላባህን ሰክተህ፣ ፊትህን ጥቁርና ቀይ ቀብተህ፣ ተንበርክከህ። ያልከውን ልድገምልህ፤ ደብረ ሲና በሙሉ በቃሉ ይዞታል። «ፍቅሬ ወንድሜ፣ ስማኝ። የገብረሕይወትን ልጅ የአክሊሉን ሬሳ ሳላይ የምጠጣው ውሃ ጥሜን አይቁረጠው። እኔ ባልደርስ ከቤታችን ወንድ አይጠፋም።» ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱ መምህር አነበበው፤ «ታላቁ ንስር ሆይ ክንፍህን አውሰኝ» ይላል አለ። ማንም አልሳቀለትም።

የአክሊሉ ወንድሞች ተነስተው ወጡ። አክሊሉ ራሱ ትንሽ ቆይቶ ነው የወጣው። ሽማግሎቹ ዱላቸውን አነሱ። ከማግስቱ ጀምሮ የእነሱ ጎረምሶች ታጥቀው ነው የሚሄዱት። ዮሐንስ ጎተራው ሥር ያለውን አውጥቷል። አይሱዙውን አቁሞታል፤ መንገዱ በደጃቸው ስለሆነ። ልጁን እንኳ አቅፎ አያያትም። ተው ስለው «አጎቴ ከቤታችን ወንድ ያለው እኔን ነው» አለኝ። ሌላ ወንድ አለን?

ረሳሁት አትበለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ካሴት ከሆነ ደግሞ አፋፉንም አልፎ ይሄዳል።

የነፍስ አባታችንን እግር ይዤ አልቅሼ፣ ሽማግሎቹን እንደገና አሰባሰቡልኝ። የወሰኑት ይህ ነው። በአፉ የማለ በአፉ ይፍታ። ደብዳቤ አንቀበልም፤ ሲምል ፊቱን አይተናል፣ ሲፈታም ፊቱን እንይ። መሐላው ያደረው እዚህ ካሴት ላይ ነውና በሌላ ሳይሆን በዚሁ ላይ ይሁን። ሽምግልና የሰበረ ደግሞ ድንጋይ ይሸከማል። ገዳዩ ብቻ ሳይሆን አንተም ትሸከማለህ ማለታቸው ነው። እስከ ሆሳዕና ጊዜ ሰጥተውሃል፤ እስከዚያ ሁለቱም ወገን እጁን ሊሰበስብ መስቀል መትቶ ምሏል።

እናንተ ዘንድ ድንጋዩ ስፖንጅ እንደሆነ ጽፈህልኛል። ስፖንጅ ተሸክመህ ብትታየኝ ወንድም የለኝም።

የሺእመቤት


አትላንታ፣ መጋቢት 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ የሺእመቤት፣

እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጥዎ፤ በእኔ የተነሳ ላለቀሱት ሁሉ እሱ ይካስዎ።

አልረሳሁትም። ካሴቱን ለአብዱ ስሰጠው ምን እንዳለበት አውቅ ነበር። ለእርስዎ አይሆንም ብዬ በቀለም መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅር ብያለሁ ብሎ መጻፍም እጄ እምቢ አለ። የፍቅሬን መርዶ የሰማሁት ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ድንኳን ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር። አፈር አላለበስኩትም። መቃብሩ ላይ አልቆምኩም። አንድ ቀን ማሪዬታ ጫካ ውስጥ አንድ ሜክሲኳዊ እንደ ሞተ ሰው ፊቴ አስተኙልኝና የፈለግከውን በል አሉኝ። ፊልሙን እየናቅሁ፣ ዳግን እየናቅሁ፣ የለበስኩትን ላባ እየናቅሁ አፌ ሲከፈት የወጣው ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን የሳቅሁበት እሱን ለመሸፈን ነው። ዮሐንስን ግን አላሰብኩትም። «ከቤታችን ወንድ» ስል ማን እንዳለ አላሰብኩም። ለዚህ ምክንያት የለኝም።

አብዱ ካሴቱን ሲሰጠኝ የሰማውን ሁሉ ነገረኝ፤ ያን ቀን ታክሲውን አልነዳም። ቤኪን ጠርቼ የካሜራ ሥራ አለኝ አልኳት። ምንነቱን ስነግራት መጀመሪያ ፊልም መሰላት። «ጋሼ፣ ይሄ ሪል ነው? ሰው ሊሞት ነው?» አለች። አዎን አልኳት። በአዲስ ካሴት፣ በጥሩ ድምፅ እንሥራው ብላ ነበር፤ ሽማግሎቹ በዚሁ ይሁን ብለዋል ብዬ እምቢ አልኩ። እንዳይቀዳበት የተሰበረችውን የካሴቱን ጥግ፣ እንደገና እንዲቀዳ በፕላስተር ሸፈንን። ፊልሙ ወደ ተሠራበት ጫካ፣ ወንዝ ዳር ሄድን።

የዳግን ንቀት ያን ቀን ጨርሼ አየሁት። ቋጥኞቹን እዚያው ጥሏቸው ሄዷል፤ ክረምቱን ዝናብ ጠጥተው፣ ቀለማቸው ለቆ ጭቃ ላይ ተኝተዋል። ድንጋይ ስፈልግ ያነሳሁት ሁሉ ውሃ እያንጠባጠበ በአንድ እጅ ይነሳል። ድንጋይ አገር ላይ ድንጋይ አጣሁ። በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ገብቼ አንዱን ፈነቀልኩ። ቤኪ ልርዳህ ስትለኝ አይሆንም አልኳት። አንገቴ ላይ ሳወጣው ወገቤ ተንቋቋ።

የተናገርኩትን ታዩታላችሁ። ስጀምር የተናገርኩት ለዮሐንስ ስል ነው፤ ለአክሊሉ አልነበረም። ድንጋዩን ሳወርደው ግን ለማን እንደነበር እኔም አላወቅሁም። ቤኪ ዓይኗን ጠራርጋ «አንዴ እንድገመው? ላይቱ ትንሽ ዳርክ ነበር» አለችኝ። ይቅርታ ሁለት ጊዜ አይባልም አልኳት።

ካሴቱን የአብዱ እህት ሀፍሳ ታመጣለች። የቀዳሁት መሐላው ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ፊልም ከፊትም ከኋላም እንዳለ ነው። እኔ ተናግሬ ስጨርስ ያጥፉት፤ ከዚያ በኋላ የሚረባ ነገር የለበትም።

ወንድምዎ ሽፈራው


ደብረ ሲና፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽፈራው፣

ሆሳዕናን በሰላም ያድርስህ፤ ወገብህንም ይጠግንልህ። ዮሐንስ ዛሬ አይሱዙውን አስነስቶ በእነ አክሊሉ ደጅ በኩል ወደ ሮቢት ወረደ። ጠመንጃው ሽማግሎቹ ዘንድ ነው። እንዳትሳቀቅ ብዬ መጨረሻውን አስቀደምኩልህ፤ አሁን እንዴት እንደሆነ ስማ።

አያንቱ ቤቷን ዘግታ እኛን ብቻ አስገባች። ሽማግሎቹ መሃል ተቀመጡ፤ እኛ በአንድ ግድግዳ፣ እነሱ በሌላው። አክሊሉ አልገባም፤ ድንጋዩን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ዮሐንስ ከአጠገቤ ነው፤ ክንዱን ይዤዋለሁ። ካሴቱ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጭስ፣ ጩኸት፣ አብዱ ሲሳደብ። የሳቀ የለም። ከዚያ አንተ በላባህ መጥተህ ልትንበረከክ ስትል ቴሌቪዥኑ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋህ። በቦታህ ኮት የለበሰ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ የራሰ፣ ራሰ በራ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። ማነው ብዬ ነበር እኮ። ለካ አርጅተሃል። አንድ ደብዳቤ ላይ እንኳ አልነገርከኝም።

«እኔ ሽፈራው ኃይለጊዮርጊስ፣ በአፌ የማልኩትን በአፌ ፈትቻለሁ» አልክ። «አክሊሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። ዮሐንስ ልጄ፣ ከቤታችን ወንድ ያልኩህ፣ አንተ መኪናህን ንዳ፣ ልጅህን አሳድግ።» የዮሐንስ ክንድ እጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ። ከዚያ ድንጋዩን ጣልከው፤ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። የነፍስ አባታችን «ስፖንጅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው፤ ነግሬያቸው ስለነበር።

አክሊሉ ከበሩ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት በግንባሩ ተደፋ። አንተ እዚያ ውስጥ ስላለህ ወዴት ይደፋ? ዮሐንስ ተነስቶ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደለት። ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ሽማግሎቹ ተነሱ፣ መረቁ። እኔም በአፌ አልኩት፤ ሁሉም ሲል አልኩት። ልቤ ውስጥ ግን አልነበረም። ልጄ ተረፈልኝ፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ልወጣ ነጠላዬን እያጣፋሁ ነበር።

አጥፊው ብለኸኝ ነበር። አያንቱ ግን ታለቅስ ስለነበር ረሳችው፤ ፊልምህ ቀጠለ። አንተ ላባህን ይዘህ ከጫካ ትሮጣለህ። አንድ ቀይ ኮት የለበሰ ነጭ ወታደር ያነጣጥርብሃል። በጎን ስትታይ ፍቅረማርያምን ነህ፤ ድሮም ከሩቅ እናታችን እንኳ አትለያችሁም ነበር። ፊልምህ እንዳልከው ነው፤ የረባ ነገር የለውም። አወዳደቅህም ያሳፍራል፤ ሰው እንደዚያ ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቦታ መርጦ አይወድቅም።

አክሊሉ ግን ገና አልተነሳም ነበር። ቀና ሲል ነጩ ያነጣጠረውን አየ፤ ፊቱ ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ አይርቅም። እጁን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «አትተኩስ! ውሃውን ይውሰደው፣ አትተኩስ!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃው ተተኮሰ። አንተ ወደቅህ። እሱ መስታወቱን አለቀቀም፤ አትተኩስ፣ አትተኩስ እያለ ቀረ። ወንድሞቹ ሊያነሱት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ጉሮሮው እስኪዘጋ አለቀሰ።

ሁሉም የሚያደርገው ጠፋው። ያ የሞሐውኩ ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ ዓይን ማበስ፣ ጉሮሮ ማጥራት ያለው። አያንቱ ጓዳ ገብቼ ጣሳ ፈለግሁ። የጾሙ መፍቻ ሰዓት ደርሶ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሱን ደገፍኩና ውሃ ሰጠሁት።

እህትህ የሺእመቤት